የመጨረሻዋ የምድር ሰው

ኮፍያዬን ገልብጬ አድርጌ እንደ ትልቅ ዳይሬክተር እጮህ ነበር። ፊልማችን ከዓለም ጥፋት በኋላ ስላለው ሕይወት ነው። መንኮራኩራችን በፎይል የተጠቀለለ የውሃ ሮቶ፣ ጠፈርተኛችን የሞተር ሄልሜት ያጠለቀው ጓደኛዬ ብስራት ነበር። ፍርስራሹ መሀል የምትቀመጠው የመጨረሻዋ የምድር ሰው ደግሞ እናቴ ነበረች። ከሰዓት ዶዘሩ ተመልሶ ቦታውን ስለሚጠርገው ተጣድፈናል። እሷ ግን ካሜራው በተከፈተ ቁጥር ታለቅሳለች።

«እማዬ፣ ስክሪፕቱ ላይ እኮ ለቅሶ የለም!» አልኳት።

«እሺ ልጄ» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

በፊልም ውድድሩ ቀን ሮቶው ስክሪኑ ላይ ሲበር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ዳኛ ግን አልሳቀም።

«ፍርስራሹ በጣም እውነተኛ ነው። ማን ሠራላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እኔና አባቱ ነን የሠራነው» አለች። «ያኔ ግን ቤት ነበር።»