የእማማ አስካለ እጅ

የአረጋውያን መጦሪያው መዝገብ «እማማ አስካለ እጃቸው አይታዘዝም፤ ካላጎረሷቸው አይበሉም» ይላል። ልጃቸው ደግሞ «ሐሰት ነው! ባለፈው ወር እንኳ ቤቴ መጥታ ራሷ ወጥ ሠርታ አብልታኛለች» ብላ ትሟገታለች።

ኃላፊው ሁለቱንም ሰማና ተንከባካቢዋን ትርሲትን ጠራት።

«ነገሩ የባህርይ ነው። ስታጎርሻቸው እንቢታቸውን እየሸለምሽው ነው። ሳህኑን አስቀምጠሽ ዞር በይ፤ ችላ የተባለ ባህርይ ይከስማል። እስከ ዓርብ ካልበሉ ግን በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ እናስገባለን።»

ሰኞ ሳህኑ እንደተሞላ ተመለሰ። ማክሰኞ አሮጊቷ ወተታቸውን ብቻ ጠጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔ ውሻ ነኝ እንዴ፣ አስቀምጠሽልኝ የምትሄጂው?»

ትርሲት መከታተያ ወረቀቱ ላይ «አልበሉም» ብላ ጻፈች። ረቡዕም ያንኑ ጻፈች።

ሐሙስ ሳህኑን አስቀምጣ ልትወጣ ስትል ዓይኗ ጭልም አለባትና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አይደል እማማ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

አይታዘዝም የተባለው እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። እንጀራውን ቆረሰ፣ በሽሮው ጠቀለለና ሳይንቀጠቀጥ ትርሲት አፍ ደረሰ።

«ድገሚ» አሉ እማማ አስካለ፤ ደግመው አጎረሷትና እሳቸውም ጎረሱ።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ከተጧሪዎች ጋር መብላት ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

ትርሲት የጎረሰችውን ሳትቸኩል አላምጣ ዋጠች፤ መከታተያ ወረቀቱንም መለሰችለት።

«አውቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን እዚህ ነው የምበላው።»