የምሳ ሰዓት ትራፊክ

የአረጋውያን መኖሪያው የምግብ አዳራሽ በር ላይ ሦስት ባለጎማ ወንበሮችና የሾርባው ጋሪ ተቆላልፈው መፈናፈኛ ሲጠፋ፣ ልትጠይቃቸው ከመጣችው ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት አባቷ ብድግ አሉ። ሠላሳ ዓመት አደባባይ ላይ የቆሙ ትራፊክ ፖሊስ ነበሩ፤ የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ "አባባ፣ ይቀመጡ" እየተባሉ ነበር የሚውሉት። ልጅቷ ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ ኃላፊዋ ነርስ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። "ተያቸው፤ እስቲ እንያቸው" አለቻት።

አባቷ ከጭንቅንቁ መሃል ገቡና ደረታቸውን ነፍተው ቀኝ እጃቸውን ሰቀሉ። ያ ማንኪያ ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። "ጋሪ፣ ወደ ኋላ! ባለ ቀይ ሹራቧ፣ መስመርዎን ይያዙ!"

"እኔ እኮ ቀድሜ ነው የመጣሁት!" አሉ በነገረኛነታቸው የሚታወቁት ባለ ቀይ ሹራብ አሮጊት።

"እመቤቴ፣ መንገድ የሁሉም ነው!" ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ጋሪው አፈገፈገ፣ ወንበሮቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ አዳራሹም በጭብጨባ ቀለጠ።

ልጅቷ ሮጣ ልታቅፋቸው ስትል መዳፋቸው ፊቷ ላይ ተደቀነ። "እህቴ፣ ቁሚ! ተራሽ አልደረሰም!" ማን መሆኗን አላወቁም። እሷ ግን እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ፣ እግሯን ገጥማ ቆመች።

ነርሷ ጠጋ ብላ "አባባ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ይህን በር ይይዙልናል?" ስትል ጠየቀቻቸው።

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። "እስከ ዛሬ ያለ ሰው ነው እንዴ የተዋችሁት?"