መቶ አምስት

ነገር የተበላሸው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ እጁን አወጣና፣ «ይቅርታ፣ የዘርፎቹን ድርሻ ስደምረው መቶ አምስት በመቶ መጣብኝ» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሚኒስትሩ ግን አልሳቁም።

ሠንጠረዡን የሠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረ። ይኸው አስራ አንድ ዓመቱ፣ ስሙ መቶ አምስት ሆኖ ቀርቷል። ሰፈር ውስጥ ሳይቀር፣ «መቶ አምስት፣ አገሪቱ ዛሬ ስንት ገባች?» ይሉታል።

ሥራው ባንክና ኢንሹራንስ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ምን ያህሉን እንደሚያስገኙ መለካት ነበር። የባንክ ምርት እንደ እህል አይሰፈር፣ እንደ ጨርቅ በክንድ አይለካ። ባንኩ ከተበዳሪ በሚቀበለውና ለቆጣቢ በሚከፍለው ወለድ መካከል ያለውን ልዩነት እየፈለገ፣ ወጪውን እየነቀሰ፣ ሰባት ወር ለፋበት። አራት በመቶ ወጣ። ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ግን ዘጠኝ ነበር፤ ከላይ የሚጠበቀውም ዘጠኝ።

«አራት ካልክ ይበሉሃል» አለው ዳይሬክተሩ፣ ዓርብ ዕለት።

«ይብሉኝ። አራት ነው።»

እሑድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሠንጠረዡን ሦስት ጊዜ ደመረው፤ ልክ መቶ። ወረቀቱን አጥፎ ከአረንጓዴ ብዕሩ ጋር ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ምን ሆነሃል? እህል አልቀመስክም እኮ» አለችው። ነገራት። ሰማችውና፣ ብብቱን የሚይዘውን ያን ኮት ተቀብላ ከጎንና ከጎኑ ቁራጭ እየቀጠለች ስታሰፋለት ዋለች።

ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሄደ። ወረቀቱን እንደታጠፈ ሲያስረክብ ዳይሬክተሩ፣ «እስቲ ብዕርህን፣ ልፈርምበት» ብሎ ወሰደበት። በመሥሪያ ቤቱ አረንጓዴ ቀለም የሚጠቀመው እሱ ብቻ ነበር።

በኋላ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ፣ «ዘጠኝ ብለህ የጻፍከው በገዛ እጅህ፣ በገዛ ቀለምህ ነው» አሉት። ወረቀቱን ግን አላሳዩትም። «ዳይሬክተሩ ጽሕፈቴን አስመስሎ አዲስ ወረቀት ጽፎ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው!

ከዚያ ወዲያ ያላንኳኳው በር የለም። ዲግሪውን ጥሎ የሰው ልጆች ሒሳብ ያስጠና ጀመር፤ ቤቱን የያዘችው ሚስቱ በስፌቷ ነው። አንድም ቀን፣ «አራት ብለህ ምን አተረፍክ?» ብላው አታውቅም። «ይቅር በላቸው» ብቻ ነው የምትለው።

ዘንድሮ ይግባኝ ሰሚው፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ምስክር ካላመጣህ መዝገብህ ይዘጋል» አለው። ስሙም ጡረታውም አብሮ ሊዘጋ ነው። ወዲያው ዳይሬክተሩ አልጋ ላይ ውሏል ሲባል ሰማ። ሳይሞት ይናገር ብሎ ሄደ።

ሽማግሌው ትራስ ተደግፎ ጠበቀው።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ብዕሬን ለምን ወሰዱ?»

«ለመፈረም ነዋ፣ አንተ ሰው።» ከፍራሹ ሥር አንድ ወረቀት ሳበ። «ሊጥሉት ሲሉ አስቀረሁት። እየው።»

የገዛ ወረቀቱ ነበር። ማንም አስመስሎ አልጻፈውም። አናቷን ክፍት አድርጎ የጻፋት 4 በአንዲት አጭር አረንጓዴ ጭረት ተገጥማ 9 ሆናለች።

«ዘጠኝ ሳይ፣ ተመስገን፣ ፈራ ብዬ ደስ አለኝ» አለ ሽማግሌው እያሳለ። «ሳልደምር ፈረምኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። መዋሸት ብፈልግማ ከንግዱ አምስት ቀንሼ ነበር ለባንክ የምጨምረው። የእኛ ቤት ሌባ እንኳ ደምሮ ነው የሚሰርቀው። ይሄን ያደረገው ከየትም ሳይቀንስ መጨመር የለመደ ሰው ነው።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ጭረቷም በገዛ ቀለሙ ስለሆነች ወረቀቱ አይመሰክርለትም፤ ባዶ እጁን በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስቱ መኪናዋን አቁማ ፊቱን አየች።

«ተናዘዘ?»

«እኔ አይደለሁም አለ። አለቀ፤ መዝገቡ ሊዘጋ ነው።» ወንበሩ ላይ ወደቀና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ያለቅስ ጀመር።

እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። እሷም ታለቅሳለች።

«ተወው በቃ፣ የኔ ጌታ። ለአንዲት ጭረት አስራ አንድ ዓመት! ይብቃህ።»

ልቅሶው ቆመ። እጆቹን ከፊቱ ቀስ ብሎ አወረደ።

«ስለ ጭረቷ ገና አልነገርኩሽም እኮ፤ በምን አወቅሽ? መልሺልኝ!»