ሁለተኛው ቁጥር

ኢስትሊ ሰፈር ያለው ካርድ አታሚ፣ ናሙናው ላይ የሰፈሩትን ስልኮች ራሱ ደውሎ ሳያረጋግጥ አንድም ቢዝነስ ካርድ አያትምም። የሐበሻ ቀሚስ ሰፊዋ ሴት ለቅዳሜው ባዛር የምታድለውን ልታሳትም መጥታ ነበር። የመጀመሪያውን ሲደውል እጇ ላይ ያለው ስልክ ጠራ።

"ሁለተኛውስ የማን ነው፣ እትዬ?"

"የልጄ የሚጣ። እኔ ስዋሂሊውም እንግሊዝኛውም አይሆንልኝም። የማላውቀው ሰው ሲደውል እሷ ናት የምታነጋግርልኝ።"

ደወለ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ጥሪው የመጣው ከዚያው ከቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

አታሚው ሳቅ አለ። "ስልኳን ረስታ ነዋ የወጣችው! በቃ፣ ልዝጋው?"

"ተው፣ አትዝጋው።"

ጠዋት ጠዋት ቻርጅ የምታደርገውን ስልክ አወጣችና የተሰነጠቀ መስታወቱን በሻርፗ ጫፍ ጠራረገችው። ሳታነሳው፣ በሁለት እጇ እንደ ጫጩት አቅፋ፣ እስኪያበቃ አዳመጠችው። ከቀብሯ ወዲህ ለሚጣ የደወለላት ሰው አልነበረም።

"ልክ ነው፤ ቁጥሩ የሷው ነው" አለች፣ ስልኩ ዝም ሲል። ቀና ብላም አላየችውም። "እባክህ ልጄ፣ አንዴ ድገምልኝ።"