ዘበኞቹ ዝዮች

በያጁ ለሚስቱ ዶሮዎች ያላደረገው ነገር አልነበረም። የዶሮ ቤቱን መስኮት በወንፊት ሽቦ ሸፈነ፤ ሸለምጥማጥ እንዳይቆፍር ወለሉን በሲሚንቶ ለሰነ፤ የብረት በርም በየደለት። ዶሮዎቹ ግን አንድ በአንድ አለቁ።

ጎረቤቱ ጡረተኛው ዘበኛ፣ «ዝይ ግዛ፤ ባዳ ሲያይ ሰፈር ይቀሰቅሳል» ቢሉት ሁለት ዝይ ገዛ። እውነትም ቆጣሪ አንባቢው ብቅ ሲል ጩኸታቸው ጆሮ ይበጥሳል። ዶሮ በጠፋ ቀን ግን ትንፍሽ አይሉም። አሁን የቀረችው አሥራ ሁለት እንቁላል የታቀፈችው አንዷ ብቻ ናት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል» አለ ተናዶ። «እነዚህ ከሄደም በኋላ አይጮሁም።»

«ሌባው ቤተኛ ቢሆንባቸውስ?» አለች ሚስቱ ሽንኩርቷን እየላጠች። «ያንተ ብየዳ እንደሆነ ለሰው እንጂ ለሸለምጥማጥ አልሆነም። ይቺም ከሄደች እኔ ዶሮ በቃኝ።»

ነገሩ ከነከነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ እንደገባ፣ ሌላ መቀርቀሪያ ሊጨምርበት ወደ ጓሮ ዞረ። የብረት በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የዶሮዋ መንፈራገጥ ይሰማል። ሊሮጥ ሲል ዝዮቹ አንገታቸውን አስግገው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት። ቆጣሪ አንባቢው ላይ እንኳ እንዲህ ጮኸው አያውቁም።

«ምን ነካችሁ? እኔ ነኝ እኮ» አላቸው።

ጭራሽ ባሰባቸው፤ አንዱ ሱሪውን ነክሶ ያዘው።

በዚህ መሃል ከዶሮ ቤቱ ውስጥ የራሱ የበያጁ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ተዉት፣ ይግባ» አለ።

ዝዮቹ ጸጥ አሉ፤ መንገዱንም ለቀቁለት።