ነጯ ነጥብ

መሰረት ሥራውን የራሷ አድርጋ የቆጠረችው ማስታወቂያው በተለጠፈ ቀን ነው። ከደሴ የመጣ አንድ ድርጅት መካነ ሰላም ላይ ለሚከፍተው የኮምፒዩተር ማዕከል አንድ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሦስት ሳምንት አሠልጥኖና ፈትኖ ይመርጣል። መሰረት በኮምፒዩተር ዲፕሎማ ከያዘች አራት ዓመቷ ነው። አራቱንም ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ነው የከረመችው። እናቷ ወይዘሮ ብዙዬ፣ ልጃቸው መሥሪያ ቤት ልትገባ መሆኑን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

አሠልጣኙ መምህር ባህሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለቱን ሠልጣኞች ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡ፤ የሚያውቀውን ከማያውቀው ጋር። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ደብተራቸው ላይ ጻፉና፣ የሚያውቅ እንዲያሳይ፣ የማያውቅ እንዲጠይቅ ነገሯቸው። ሌላ አልጨመሩም።

ለመሰረት የደረሰቻት ፈርሂያ ናት። ፈርሂያ የአቀስታ ልጅ ነች፤ ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ አሁን ከእናቷ ጋር መካነ ሰላም የምትኖር። ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም። ስትሄድ ጡት ያልጣለች ልጇን ለእናቷ ትታ ነበር። ስትመለስ ልጅቷ አላወቀቻትም፤ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። አሁን ገና መልመዷ ነው። ይህ ሥራ ካልሆነላት ግን ፈርሂያ ተመልሳ ከመሄድ ሌላ መንገድ የላትም፤ ደላላው ሁለት ጊዜ ቤቷ ድረስ መጥቷል። ይህን ሁሉ በሁለተኛው ቀን ለመሰረት አጫወተቻት።

መሰረት መጀመሪያ ላይ ከልቧ አስተማረቻት። ኮድ የሚጻፍበትን ኤዲተር ከፈተችላት። በግራ በኩል ፋይሎቹ የሚደረደሩበትን፣ መሀል ላይ የሚጻፍበትን፣ ከላይ ደግሞ የፋይሉ ስም የሚታይበትን አሳየቻት። ጀማሪ ሴቭ ማድረግ ይረሳል ብላ፣ ኤዲተሩ የተጻፈውን በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካከለችላት። ፈርሂያ በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች። በሦስተኛው ቀን የልጇ ስም በትልልቅ አረንጓዴ ፊደል ስክሪኑ ላይ ሲወጣ፣ አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና አለቀሰች።

በሁለተኛው ሳምንት ፈርሂያ በአሥሩም ጣቷ መጻፍ ጀመረች። የጎደለ ቅንፍ ከሩቅ ትለያለች። አንድ ቀን ወደ መሰረት ስክሪን ዞር ብላ፣ አንዱን ቅንፍ ሳትዘጋ እንዳለፈችው በለሆሳስ ነገረቻት። እውነቷን ነበር። መሰረት አመስግና ዘጋችው፤ ያን ቀን ግን ምሳ አልወረደላትም።

ይበልጥ ያንገበገባት የመምህሩ ነገር ነው። መምህር ባህሩ በዞሩ ቁጥር የሚቆሙት ከፈርሂያ ኋላ ነው። አጎንብሰው የጻፈችውን ያነባሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ያሰፍራሉ። የመሰረትን ስክሪን አንድም ቀን አላዩትም። በሻይ ሰዓት ደግሞ ፈርሂያን ለብቻዋ ጠርተው አነጋገሯት። መሰረት ምን እንዳሏት ስትጠይቃት ፈርሂያ አልደበቀችም፤ ምን እንደተማረች፣ ሲጠፋባት ማን እንደሚያስረዳት ጠይቀዋት፣ እሷም የመሰረትን ስም እየጠራች መርቃ ነው የተመለሰችው። መሰረት አላመነችም። ሰውየው ልባቸው ፈርሂያን መርጧል፣ ፈተናው ለይስሙላ ነው ብላ ደመደመች። እቤቷ ስትገባም ባጎረሰች እጇን መነከሷን ለእናቷ ነገረች።

በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፈርሂያ ለሶላት ወጣች። መሰረት ወደ ፈርሂያ ኮምፒዩተር ጠጋ አለችና፣ ያን በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን አጠፋችው። ሁለት ጊዜ ክሊክ ማድረግ ብቻ ነበር።

ፈርሂያ ተመልሳ ጥቂት እንደጻፈች፣ ከፋይሉ ስም አጠገብ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አለች። ነጥቧ የተጻፈው ገና ሴቭ አለመሆኑን ነው የምትናገረው። ፈርሂያ ግን አይታት አታውቅም።

«መሲ፣ ይህቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«ሴቭ ሆኗል ማለት ነው» አለች መሰረት፣ ዓይኗን ከራሷ ስክሪን ሳታነሳ። «እሷ ካለች አብሽሪ። ምንም እንዳትነኪ።»

«አላህ ይስጥሽ።»

በማግስቱ ፈተናው የሁለት ሰዓት ጽሑፍ ነበር፤ ከኤዲተሩ በስተቀር ምንም መክፈት አልተፈቀደም። ፈርሂያ ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ነጥቧን ፈልጋ አየቻት፤ እጇንም ከኪቦርዱ አነሳች። ሁሉም ከወጡ በኋላ መምህር ባህሩ ከየኮምፒዩተሩ ሴቭ የሆነውን ፋይል በፍላሽ ገልብጠው ሄዱ።

ሰኞ የስድስቱ ጀማሪዎች ውጤት በር ላይ ተለጠፈ። ለሌሎቹ ስድስት ረቡዕ ለየብቻቸው እየተጠሩ እንደሚነገራቸው ከሥሩ ተጽፏል። ከፈርሂያ ስም ትይዩ ዜሮ አለ፤ አጠገቡም «ፋይሉ ባዶ ነው» የሚል።

«ጽፌ ነበር እኮ መሲ። አጠገቤ ነበርሽ፣ አየሽኝ አይደል?»

መሰረት ትከሻዋን አቀፈቻት። ምናልባት ሳይታወቃት አጥፍታው እንደሆነ፣ በጀማሪ ላይ የሚደርስ ነገር እንደሆነ ነገረቻት። ፈርሂያ ጥፋቱን ተቀበለች። መምህሩ ፊት ቀርባ ለመጠየቅ ግን አፈረች።

ማክሰኞ ጠዋት ደላላው ወሰዳት። ሚኒባሱ ሲነሳ ልጅቷ እናቷን አልለቅ ብላ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቁት አያቷ ናቸው። መሰረት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ሆና ይህን አየች። ሚኒባሱ ከዓይኗ ሲሰወር ተመልሳ ገባችና ቀሚሷን ለነገ ለመተኮስ ካውያ ተዋሰች።

ረቡዕ ተራዋ ደርሶ ስትገባ መምህር ባህሩ ደብተራቸውን ዘግተው ጠበቋት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ምንም ስህተት እንዳላገኙባት ሊነግሯት ነው ብላ አሰበች። እስኪናገሩ ሳትጠብቅ እሷው ጀመረች።

«መምህር፣ የኔን ፋይል አዩት?»

«አልከፈትኩትም። እኛ የፈለግነው አስተማሪ ነው፤ ያንቺ ፈተና ፈርሂያ ነበረች።»