ሁለተኛው ድራይቭ

ፍቅረ ሥላሴ ሞጣ ባለው የድምፅ ማኅደር፣ የትልቁን ኮምፒውተር ሁለት የቴፕ ማንበቢያ ድራይቮች እያስተካከለ ነበር። ሁለተኛውን ሲያበራው፣ ቢቸና እሱን ዜማ ያስተማሩት፣ አምና የተቀበሩት የኔታ ስጦታው ያዜሙ ጀመር። እንደ ተማሪነቱ ልማድ ከሥር ከሥራቸው ተከተለና አንድ ቃል ዘለለ።

ድምፁ ቆመ። «ስተሃል። ከላይ ድገመው።»

ፍቅረ ሥላሴ ፈገግ አለ። «ድሮ ሲያስተምሩ የተቀዳ ነው» አላት ባልደረባውን ዓሊማን።

ዓሊማ አልሳቀችም። «የእሳቸው ቴፕ ይኸው እጄ ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ገና አላስገባሁትም።»

ከማሽኑ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። የኔታ፣ ተማሪ ሲዘገይባቸው እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

ፍቅረ ሥላሴ ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ከላይ ጀመረ።